ከፋሲካ ማግስት ወደ ዛንዚባር፦ በማሲካ ዝናብ ከልጆችና ከእናት ጋር

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈተው ከአዲስ አበባ የጻፈ አባት ነው። የልጆቹ ትምህርት ቤት ለፋሲካ ረዘም ያለ ዕረፍት ስለሚሰጥ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በዓሉን እቤት ካከበሩ በኋላ በማዕዶት ሰኞ ተነሥተው ወደ ዛንዚባር ለመብረር አስበዋል። ተጓዦቹ እርሱ፣ ባለቤቱ፣ የዘጠኝና የአራት ዓመት ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናቱ ናቸው። ዕቅዱ በአንድ ደሴት የሚያበቃ አይደለም፤ ዋናዋ የዛንዚባር ደሴት ከሆነችው ከኡንጉጃ ተነሥቶ በመርከብ ወደ ሁለተኛዋ ደሴት ወደ ፔምባ፣ ከዚያም ተመልሶ በዳሬሰላም በኩል ወደ ማፊያ ደሴት መሻገርን ይጨምራል። የሆቴሎቹ ዋጋ ከገናው ሰሞን ጋር ሲነጻጸር እጅግ መውረዱ ደስ አሰኝቶታል፤ ዋጋውን ያወረደው ዝናቡ መሆኑን የነገረው ግን አንድ የሥራ ባልደረባው ነው። ስለዚህም ማሲካ የሚባለው የጠረፉ ረጅም ዝናብ ይህን ጉዞ ያበላሸው እንደሆነ፣ ወይስ የአዲስ አበባን ክረምት ለለመደ ቤተሰብ የሚያሳስብ እንዳልሆነ በትሕትና ጠየቀ።

መልስ 1። ቀድማ የመለሰችው ናይሮቢ የምትኖርና ጠረፉን ደጋግማ ያየች እኅት ናት። በዚያ አካባቢ ሁለት የዝናብ ወቅቶች እንዳሉ አስረዳች፦ ማሲካ የሚባለው ረጅሙ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ቩሊ የሚባለው አጭሩ ደግሞ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ይዘንባል። በማሲካ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ሚያዝያ ሲሆን፣ በዚያ ወር ብቻ ከ300 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል። ሆኖም ዝናቡ ዶፍ ሆኖ ወርዶ ብዙ ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ፀሐይ እንደሚወጣ፣ ሙቀቱም ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ስለሚሆን የሚያንቀጠቅጥ ብርድ እንደሌለ ጨመረች። አንድ ነገርም አስተዋለች፦ በእኛ አቆጣጠር ፋሲካ ቀደምም ቢል ቢዘገይም ከማሲካ ውስጥ አይወጣም፤ በአንጻሩ የእኛ ልጆች ትምህርት ዘግተው ዝናብ ሲያዩ የሚከርሙባቸው ሐምሌና ነሐሴ በዛንዚባር ደረቅና ነፋሻ ናቸው። ቀኑን መለወጥ የሚችል ቤተሰብ ወደ ክረምቱ ቢያሸጋግረው እንደሚሻል በጨዋነት መከረች።

መልስ 2። ቀጣዩ መላሽ ጨዋነት አላበዛም። ባለፈው ዓመት በዚሁ ወቅት በምሥራቁ ጠረፍ ከቤተሰቡ ጋር ማረፉን፣ ዝናቡም ከሰዓታት በኋላ ይቆማል የሚባለው ተረት መሆኑን ጻፈ። በእርሱ አነጋገር ሦስት ቀን ሙሉ ሰማዩ አልተከፈተም፤ የሆቴሉ ግማሽ ተዘግቶ ስለነበር ምሳና እራት ያው አንድ ዓይነት ምግብ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚነሣው ከመሸ በኋላ ብቻ ነው፤ ልጆቹም ባሕሩን ከመስኮት እያዩ ስልክ ላይ ተጥደው ሰነበቱ። ጠያቂውን በርካሽ ዋጋ መታለሉን ነግሮት፣ ገንዘቡን ይዞ ሐዋሳ ቢወርድ እንደሚሻለው ደመደመ።

መልስ 3። በጉዞ ወኪልነት የምትሠራ ሴት ገባች። ቅናሹ ማታለያ አለመሆኑን፣ ይልቁንም በሚያዝያና በግንቦት ብዙ ሆቴሎች ለእድሳት የሚዘጉ መሆናቸውንና ክፍት የሚቆዩትም ሠራተኛ የሚቀንሱ መሆናቸውን ገለጸች። ስለዚህ ከመክፈል በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ያለባቸውን ነገሮች ዘረዘረች፦ ምግብ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ይሠራል ወይ፣ ጄኔሬተሩ ቀንም ይነሣል ወይ፣ አጠገቡ ግንባታ አለ ወይ፣ ቀን መቀየር ያለ ቅጣት ይቻላል ወይ። ከመልሷ ግርጌ ስልክ ቁጥሯን አስፍራ ስለነበር አስተዳዳሪው አጥፍቶታል። ገበያ ፍለጋ ቢኖርበትም በዝርዝሩ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ በመልስ 2 ላይ የተነሣው ቅሬታ አብዛኛው በእነዚህ ጥያቄዎች ቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነበር።

መልስ 4። የክሩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። በዳሬሰላም ወደብ ለዓመታት በዕቃ ማጓጓዝ ሥራ የኖረ ሰው ሲሆን፣ ቀዳሚዎቹን መላሾች በአንድነት አረመ። ሁሉም ስለ ዝናብ ሲያወሩ ጠያቂው ያቀደውን የባሕር መሻገር አንድም ሰው አላነሣም። ባሕሩን የሚያናውጠው ዝናቡ ሳይሆን ነፋሱ ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ ይባላል፣ ከሚያዝያ አካባቢ ጀምሮ ከደቡብ የሚመጣውና እየበረታ የሚሄደው ኩሲ ነው። ኩሲ እጅግ የሚጠነክረው ናይሮቢ ያለችው እኅት ደረቅ ብላ የመከረቻቸውን ሐምሌንና ነሐሴን ጨምሮ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። እንግዲህ ደረቅ ወቅት ማለት የተረጋጋ ባሕር ማለት አይደለም።

ይህን ለማስረዳት ሁለት አደጋዎችን አነሣ። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 2011 ስፓይስ አይላንደር የተባለችው መርከብ ከኡንጉጃ ወደ ፔምባ ስትሻገር ሰጥማ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ መርከቧ ከአቅሟ በላይ እጅግ ብዙ ሰው ጭና ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 18 ቀን 2012 ደግሞ ስካጊት የተባለችው ከዳሬሰላም ወደ ዛንዚባር ስትሄድ በቹምቤ ደሴት አቅራቢያ በነፋስና በማዕበል ተገልብጣለች። ይህችኛዋ መርከብ ቀድሞ በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት በተከለለው የፒውጀት ሳውንድ ውኃ ላይ መንገደኛ ታመላልስ የነበረች ናት። ሁለቱም አደጋዎች የደረሱት ከማሲካ ውጪ ነው። ዛሬ በዳሬሰላምና የዛንዚባር ከተማ አሮጌ ክፍል በሆነችው በስቶን ታውን መካከል በሁለት ሰዓት ገደማ የሚያደርሱ፣ ካታማራን የሚባሉ ፈጣን ባለ ሁለት ቀፎ መርከቦች እንዳሉ፣ እነርሱን መሳፈር እንደማያስፈራ፣ ወደ ፔምባ ያለው መንገድ ግን ረዘም ያለና በጥልቅ ውኃ ላይ የሚያልፍ ስለሆነ የሚያስመልሰው ሰው ብዙ እንደሆነ ጻፈ። ማፊያን በተመለከተ፣ ከዳሬሰላም በትንሽ አውሮፕላን ካልሆነ በቀር በየብሱ ጠረፍ ካለው የኒያሚሳቲ ወደብ በጀልባ መሻገርን ሰባ ዓመት ላለፋቸው እናትና ለአራት ዓመት ልጅ ፈጽሞ አልመከረም። በእኔ አስተያየት የጠያቂው ችግር የተፈታው በዚህ መልስ ነው፤ ዝናቡን አንድ ቦታ ሆኖ መጠበቅ ይቻላል፣ ከደሴት ደሴት በቀን ተቆጥሮ የተያዘ ጉዞን ግን አንድ የቀረ መርከብ ሙሉ በሙሉ ያፈርሰዋል።

መልስ 5። ሌላ ሰው ተቆጣ። ለሽርሽር የሚዘጋጅ ቤተሰብ ላይ የሰጠሙ መርከቦችን ታሪክ መዘርገፍ ሟርት መሆኑን፣ እናትየው ይህን ቢያነቡ ከቤት እንደማይወጡ ጻፈና የወደቡን ሰው ማወቅህን ለማሳየት ነው በሚል ወቀሰው።

መልስ 6። የወደቡ ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር መለሰ፦ የሞተ ሰው ስም እየጠራ ያስፈራራ እንዳልሆነ፣ መርከብ ከመሳፈር በፊት ስንት ሰው እንደተጫነ ማየትና ካላማረ መውረድ መብት መሆኑን ለማስታወስ እንደሆነ። ከዚያ በኋላ በክሩ ላይ አልተመለሰም፤ ቢመለስ ብዙ የምንማረው ነበር።

መልስ 7። ከመልስ 5 ጋር በመስማማት ጀምራ በመልስ 4 የጨረሰች አንዲት ሴት ናት። በ2016 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት ስቶን ታውን ነበረች። ሂዳያ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ወደ ታንዛኒያ ጠረፍ የቀረበው በዚያ ሰሞን ሲሆን፣ በቀዳም ሥዑር ማፊያ ደሴት አካባቢ ደርሶ ተዳከመ፤ በዳሬሰላምና በዛንዚባር መካከል ያለው የመርከብ አገልግሎትም ተቋርጦ ነበር። እርሷና ባሏ ፋሲካን ዳሬሰላም ካሉ ዘመዶቻቸው ጋር ሊፈስኩ አስበው የነበረ ቢሆንም በእንግዳ ማረፊያው ዶሮ ገዝተው አሠርተው በሉ። ዛንዚባር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ዐውሎ ነፋስ እምብዛም እንደማይደርስባት፣ ጨርሶ አይደርስም ማለት ግን ስሕተት መሆኑን አስረዳች፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1872 የመጣው ዐውሎ ነፋስ የኡንጉጃን የቅርንፉድ ዛፎች ጠራርጎ ጥሎ ነበርና። ምክሯ ቀላል ነው፦ የመመለሻ በረራው ከዛንዚባር እንጂ ከዳሬሰላም እንዳይሆን፣ ምክንያቱም ከአዲስ አበባ ወደ ዛንዚባር በቀጥታ መብረር እየተቻለ ባሕር በመሻገር ላይ የተንጠለጠለ ትኬት መያዝ አያስፈልግም።

መልስ 8። አንድ ሐኪም እንደሆኑ የገለጹ መላሽ ሁሉም ስለ ባሕር ሲከራከሩ ስለ ትንኝ የተናገረ አለመኖሩ እንዳስገረማቸው ጻፉ። የአዲስ አበባ ልጅ በከፍታ ላይ ያደገ በመሆኑ ወባን የመከላከል አቅም በሰውነቱ ውስጥ የለም፤ ዝናብ ደግሞ ትንኝ ያበዛል። የመከላከያ መድኃኒት ከመጓዝ በፊት ከሐኪም ጋር ተመካክሮ መጀመር እንዳለበት፣ ብዙዎች በራሳቸው ገዝተው የሚውጡት ዶክሲሳይክሊን ከስምንት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን እንደማይሰጥ፣ አጎበር ያለው ክፍል መጠየቅ እንደሚገባ ዘረዘሩ። የጎርፍ ውኃ ጉድጓድና ቧንቧን ስለሚበክል የታሸገ ውኃ ብቻ እንዲጠጣ፣ ለተቅማጥም ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከዚሁ ተገዝቶ በሻንጣ እንዲያዝ መከሩ። ከተመለሱ በኋላ በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ቢመጣ ጉንፋን ነው ብሎ መተው እንደማይገባ፣ ለሚመረምረው ሐኪም ከየት እንደመጡ መናገር እንዳለባቸውም አሳሰቡ።

ረጅሙን ያቆዩት ለቢጫ ወባ ነው። ታንዛኒያ ቢጫ ወባ ከሚያሠጋባቸው አገሮች ለሚመጡ፣ ዕድሜያቸው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሁሉ የክትባት ካርድ ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አገሮች መካከል ናት። ክትባቱ ቢያንስ ከጉዞው ዐሥር ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ነገር ግን ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ለሆነና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚከተቡ ሰዎች ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የመድረስ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ስለሚል፣ የጠያቂው እናት ዝም ብለው ተሰልፈው መወጋት የለባቸውም፤ ሐኪም ጤናቸውን አይቶ ሊወስን፣ ክትባቱ ካልተገባቸውም ይህንኑ የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ሊጽፍላቸው ይገባል። ከሁሉም መልሶች ውስጥ ስለ እናትየው በቁም ነገር ያሰበ ይህ ብቻ ነበር፤ ሌሎቻችን እርሳቸውን እንደ ሻንጣ ቆጥረናቸው አለፍን።

መልስ 9። አንድ ሰው ሐኪሙን ለማረም ሞከረ፦ ዛንዚባር ወባን ስለተቆጣጠረች፣ ሥርጭቱም ከአንድ በመቶ በታች ስለወረደ መድኃኒት መውሰድ አላስፈላጊ ነው የሚል። ሐኪሙ በመልስ 10 ተመልሰው መረጃው ስለ ደሴቲቱ ትክክል እንደሆነ አመኑ፤ ዳሬሰላምንና ማፊያን ግን እንደማይመለከት፣ የጠያቂውም ዕቅድ በሁለቱ በኩል እንደሚያልፍ አመለከቱ። ያረማቸው ሰው ምስጋና እንኳ አልጻፈም።

መልስ 11። ስለ ቢጫ ወባ መነሣቱ አንዱን ወደ ታሪክ ወሰደው። ከስቶን ታውን ፊት ለፊት ያለችው ቻንጉ ደሴት፣ በተለምዶ የእስር ቤት ደሴት የምትባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ እስር ቤት ቢሠራባትም በኋላ ያገለገለችው ቢጫ ወባ የተጠረጠረባቸውን መርከበኞች ለይቶ ለማቆየት እንደሆነ አስታወሰ። ዛሬ እዚያ ያሉት ግዙፍ ዔሊዎች ዝርያቸው ከሲሼልስ የመጣ ሲሆን፣ ለልጆች ከሁሉ የሚወደደው ጉብኝት እርሱ ነው፤ ጀልባው ትንሽ ስለሆነ ግን ጧት ባሕሩ ጸጥ ሲል መሄድ ይገባል።

መልስ 12። ከርዕሱ የወጣ ቢመስልም ጠቃሚ ነበር። ስዋሂሊ ተናጋሪው ሕዝብ እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ሰዓት ስለሚቆጥር ከሾፌር ጋር ሁለት ሰዓት ብሎ መቃጠር ያግባባል፤ የመርከብ ትኬቱ ላይ የሚታተመው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው። ጸሐፊዋ የሁለቱን ልዩነት ወንድሟ እንዴት እንደተማረው ነገረች፤ ትኬቱ ላይ 7 ሰዓት የሚለውን ከምሳ በኋላ መስሎት መርከቡ ጧት ጥሎት ሄደ።

መልስ 13 እና 14። እዚህ ላይ ድምፁ ከፍ አለ። አንዱ ሚያዝያ ረመዳን ስለሚሆን ልጆች ቀን ምግብ እንደማያገኙ አስጠነቀቀ። ሌላዋ የ2018ቱ ረመዳን ከፋሲካው ሦስት ሳምንት ያህል ቀድሞ እንደሚያልቅ፣ ባያልቅ እንኳ ለሕፃን ምግብ የሚከለክል እንደሌለ፣ ሳያረጋግጡ ስለ ሰው ሃይማኖት መጻፍም ነውር መሆኑን በቁጣ ጻፈች። በኋላ ግን ረጋ ብላ፣ ነዋሪው በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ በስቶን ታውን መንገዶች ላይ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ መልበስ አክብሮት እንደሆነ አከለች። ከዚህ ቀጥሎ የተጻፉ ጥቂት ስድቦችን አስተዳዳሪው ሰርዟል።

መልስ 15። በሚያዝያ ጣና ደረቅ ሆኖ ሳለ ለምን የሰው አገር ዝናብ ይፈለጋል ያለ ሰው ነበር። ወዲያው ሁለት ሰዎች መለሱለት፦ አንዱ በአሁኑ ሁኔታ ወደዚያ በመኪና ሕፃናትን ይዞ መውጣት እንደማይመከር፣ ሌላዋ ደግሞ በጣና ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ለሴቶች ዝግ ስለሆነ እርሷና አያትየው ዳር ቆመው እንደሚጠብቁ።

መልስ 16። ወደ ጉዳዩ የመለሰን ሰው ዛንዚባር ለሥራ የኖረ ነው። ዝናብ በሚጥልበት ቀን ከልጆች ጋር ምን ይደረጋል የሚለውን በዝርዝር ጻፈ። የቅመም እርሻዎቹ በዝናብም ይጎበኛሉ፤ ልጆች ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ እርድና ቁንዶ በርበሬ ከእናታቸው ወጥ ቤት ውጪ በቅጠልና በሥር ሲያዩዋቸው ይደነቃሉ፤ አያትየውም ከአስጎብኚው በላይ የሚናገሩት አያጡም። የጆዛኒ ደን የእኛ ጉሬዛ ዘመድ የሆኑት ቀይ ጉሬዛዎች መኖሪያ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ተንሸራታች ጫማ አይሆንም። ቀደም ሲል በመልስ 11 ግርጌ አንድ ሰው የድንቆች ቤት የሚባለውን ቤተ መንግሥት እንዲጎበኙ መክሮ ነበር፤ ይህ መላሽ እ.ኤ.አ. በ1883 የተሠራው ያ ሕንፃ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 2020 በእድሳት ላይ እንዳለ በከፊል መደርመሱንና ሁለት ሠራተኞች መሞታቸውን አስታውሶ፣ ለልጆች ቃል ከመግባት በፊት ማጣራት እንደሚገባ ጻፈ።

የማረፊያ ቦታ ምርጫንም ያነሣው እርሱ ነው። በምሥራቁ ጠረፍ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ባሕሩ ሲጎድል ውኃው ብዙ መቶ ሜትሮች ይሸሻል፤ ኩሲም ያንን ጠረፍ ፊት ለፊት ስለሚመታ የባሕር አረም እየገፋ ዳርቻ ላይ ይከምራል። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ውኃው ሲጎድልም መዋኘት ያስችላሉ። መልስ 2 ላይ የተማረረው ሰው ከዝናቡ ይልቅ በቦታ ምርጫው እንደተጎዳ አመለከተ፤ ያም ሰው ወዲያው ተመልሶ፣ ዝናብ ሲጥል ሰሜንም ምሥራቅም ያው ጣሪያ ሥር መቀመጥ ነው ሲል ተከራከረ። እውነት አለው፤ ነገር ግን ፀሐይ ወጣ ባለባት ጥቂት ሰዓት ልጅ ውኃ ውስጥ መግባት መቻሉና አለመቻሉ ለወላጅ ትልቅ ልዩነት ነው። እርጥበቱ የታጠበ ልብስ እንደማያደርቅና ቆዳ ጫማን በቀናት ውስጥ እንደሚያሻግትም አልሸሸገም።

መልስ 17። ጠያቂው ተመልሶ ሁሉንም አመሰገነ፤ የወደቡን ሰውም ስለ ደረሰበት ወቀሳ ጋሼ ብሎ ይቅርታ ጠየቀው። ፔምባንና ማፊያን ሰርዟል፤ በረራው በቀጥታ ወደ ዛንዚባር ሆኖ መጀመሪያ ስቶን ታውን፣ ከዚያ ኬንድዋ ይሰነብታሉ። እናቱ ከዓመታት በፊት ደቡብ አፍሪካ ያለች እኅቱን ሊጠይቁ ሲሄዱ የተከተቡበትን ቢጫ ካርድ ከሣጥን አውጥተዋል፤ ካርዱ ላይ የተጻፈው የዐሥር ዓመት ጊዜ ግን አልፏል። በተጨማሪ ስለ ግዴታው የጉዞ መድን ጠየቀ።

መልስ 18። ሐኪሙ ለመጨረሻ ጊዜ ጻፉ፦ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል፣ የቀድሞውም ካርድ ያው ስለሆነ እናትየው ዳግም መከተብ አያስፈልጋቸውም፤ ካርዱ እንዳይጠፋ ብቻ ይጠንቀቁ። የጉዞ ወኪሏ ደግሞ መድኑን አብራራች። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ ሁሉ፣ ሌላ መድን ቢኖረውም እንኳ፣ የደሴቲቱን መድን በ44 ዶላር መግዛት አለበት፤ ለልጆች ግማሽ ዋጋ ነው። ከበረራ በፊት በኢንተርኔት ከፍሎ ማስረጃውን በስልክም በወረቀትም መያዝ በአውሮፕላን ማረፊያው ልጅ እያለቀሰ ከመሰለፍ ያድናል።

መልስ 19። ክሩ እዚህ ላይ ወደ ሌላ ቤተሰብ ተላልፏል። አንዲት እናት በኅዳር፣ በቩሊ ዝናብ፣ የስምንት ወር ሕፃን ይዛ መሄድ እንደምትችልና ሕፃኑ ያለ ቢጫ ካርድ ይመለስ እንደሆነ ጠየቀች። መልስ 8ን መልሳ እንድታነብ የጠቆማት ሰው ካርዱ የሚጠየቀው ከአንድ ዓመት ጀምሮ መሆኑን፣ ከዘጠኝ ወር በታች ያለ ሕፃንም በተለመደው አሠራር እንደማይከተብ ነገራት፤ የወባውን ጉዳይ ግን ለልጇ ሐኪም ተወላት።